የአሮጌ ሞዴል ባቡር ሞተር አጠጋገንና ወደ ቦታው አመላለስ

በዚህ የዲፓርትመንታችን መጽሔት ላይ ብዙውን ጊዜ የሚወጡት ጽሁፎች ስለ ዜና አጻጻፍ፣ ስለ ቃለ መጠይቅና ስለ ሬዲዮ ፕሮግራም ዝግጅት የሚያወሩ ናቸው። የኔ ከዚህ ትንሽ ወጣ ያለ ነው። ርዝመቱ ከአንድ ስንዝር የማይበልጥ፣ እንግሊዝ አገር የተሠራ የአሻንጉሊት ባቡር ሞተር እንዴት እንደተጠገነና ተመልሶ እንዴት እንደታሰረ ነው የምጽፈው። «ይሄ ከጋዜጠኝነት ጋር ምን ያገናኘዋል?» የሚለኝ አይጠፋም። የሁለተኛ ዓመት ተማሪዎች ስለ አንድ የአሠራር ሂደት ገላጭ ጽሁፍ እንድናቀርብ ታዘን ነበር። አብዛኞቹ ጓደኞቼ ስለ ቡና አፈላልና ስለ እንጀራ አጋገር ሲጽፉ እኔ ግን በክረምቱ እረፍት ድሬዳዋ አጎቴ ቤት ሆኜ በእጄ የነካሁትን ነገር መረጥኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አጎቴ (እኔ ጋሼ ነው የምላቸው) ዕድሜያቸውን ሙሉ የሠሩት ድሬዳዋ በሚገኘው የምድር ባቡር ጥገና ክፍል፣ በኤሌክትሪክ በኩል ነበር። ለንደን የምትኖረው ልጃቸው ከአሮጌ ዕቃ መሸጫ አንዲት ትንሽ ጥቁር ሎኮሞቲቭ ገዝታ ላከችላቸው። ስትደርስ አትንቀሳቀስም። ጋሼ ዓይናቸው ደክሟል፤ ስንዴ የምታህል ብሎን ማየት አይችሉም። ስለዚህ ከተማ ውስጥ ለሚገኝ አንድ ጠጋኝ ሰጧት። ጠጋኙ ከሁለት ሳምንት በኋላ በፌስታል ውስጥ የተፈታች ሎኮሞቲቭ መለሰላቸውና «ሞተሩ ተቃጥሏል፣ ጣሉትና በቻይና ሞተር ቀይሩት» አላቸው። ጋሼም ፌስታሉን ቁም ሳጥን ላይ አስቀመጡት። እኔ ስመጣ ስድስት ወር ሆኖት ነበር። ልጃቸው በስልክ በደወለች ቁጥር «ባቡሯ እንዴት ናት?» ስትላቸው «ደህና ናት፣ ትሄዳለች» ይሏት ነበር። ውሸት የማይወዱ ሰው ናቸው። ይህ ውሸት እንደከበዳቸው የገባኝ ፌስታሉን አውርደው ጠረጴዛዬ ላይ ሲያስቀምጡት ነው።

ባቡሯ ምን ዓይነት ናት?

ወደ ጥገናው ከመግባታችን በፊት ስለ ዕቃው ትንሽ ማወቅ ይጠቅማል። ሎኮሞቲቯ ትራይ አንግ የሚባል የእንግሊዝ አሻንጉሊት አምራች ሥራ ናት። ታሪኩ የሚጀምረው አሌክሳንደር ቬኔቲያን የተባለ ሰው እ.ኤ.አ. በ1946 ሮቬክስ የተባለውን የፕላስቲክ አሻንጉሊት ድርጅት ሲያቋቁም ነው። ሮቬክስ ማርክስ ኤንድ ስፔንሰር ለተባለው ትልቅ መደብር የባቡር ስብስብ ሠርቶ ለ1950 ገና አቀረበ። በቀጣዩ ዓመት፣ በ1951፣ ላይንስ ብራዘርስ የተባለው ግዙፍ የአሻንጉሊት ኩባንያ ሮቬክስን ገዛው፤ ከ1952 ጀምሮም ባቡሮቹ ትራይ አንግ በሚለው ስም መሸጥ ጀመሩ። ስሙ ራሱ ጨዋታ አለበት። የኩባንያው መሥራቾች ሦስት ወንድማማቾች ሲሆኑ የቤተሰብ ስማቸው «ላይንስ» በእንግሊዝኛ መስመሮች ማለት ነው። ሦስት መስመር ደግሞ ሦስት ማዕዘን ይሠራል፤ ትራይ አንግ የመጣው ከዚያ ነው። ፋብሪካው በ1954 ማርጌት ወደምትባለው የባህር ዳርቻ ከተማ ተዛወረ። ላይንስ ብራዘርስ በ1964 የሆርንቢ ባቡር ባለቤት የነበረውን ሜካኖን ጠቀለለው፤ ነገር ግን ራሱ በ1971 ከሰረ። ከ1972 ወዲህ ባቡሮቹ ሆርንቢ በሚለው ስም ነው የሚታወቁት።

የእኛዋ በካታሎጉ ቁጥሯ አር 52 ሲሆን በእንግሊዝ «ጂንቲ» እየተባለች የምትጠራዋ የጭነት ማቀናጃ ባቡር ሞዴል ናት። እውነተኞቹ ጂንቲዎች እ.ኤ.አ. ከ1924 እስከ 1931 ባለው ጊዜ 422 ያህል ተሠርተዋል። ስድስት ጎማ አላቸው፤ ውሃቸውን በጎንና በጎን በተሸከሙት ጋን ይዘው ይሄዳሉ።

እዚህ ላይ አንድ የገረመኝን ነገር ላንሳ። የሞዴሏ መጠን የእውነተኛው 76ኛ እጅ ነው፤ ማለትም አንድ ጫማ በ4 ሚሊሜትር ይወከላል። የሀዲዱ ስፋት ግን 16.5 ሚሊሜትር ነው። በዚህ ልክ ከሄድን የእንግሊዝ ሀዲድ 18.8 ገደማ መሆን ነበረበት። ታዲያ ለምን ጠበበ? መልሱ ያው ሞተሩ ነው። 16.5 ሚሊሜትር የሚስማማው በአውሮፓ ለሚሠራበት 87ኛ እጅ መጠን ነው። የእንግሊዝ ሎኮሞቲቮች ከአውሮፓና ከአሜሪካዎቹ ያነሱ ስለሆኑ በ87ኛ እጅ ቢሠሩ የዚያን ጊዜ ሞተር በውስጣቸው አይገባም ነበር። ስለዚህ አካሉን አሳድገው ሀዲዱን እንዳለ ተዉት። እስከ ዛሬም እንደዚያው ነው። ጋሼ ይህን ስነግራቸው ሳቁና «ልብሱን ለሰውየው ከመስፋት ሰውየውን ለሱሪው ማሳበጥ!» አሉ።

በፌስታሉ ውስጥ የነበረው

ፌስታሉን ነጭ ወረቀት ላይ ገለበጥኩት። የፕላስቲኩ አካል ደህና ነው። ከነጭ ብረት የተቀለጠው ሻሲ አለ፣ ጎማዎቹ እንዳሉ ናቸው፣ ሞተሩ ለብቻው፣ ማግኔቱ ደግሞ ከሞተሩ ወጥቶ ለብቻው ተቀምጧል። አራት ብሎን፣ አንድ ሞላ። ጋሼ መጀመሪያ ያዘዙኝ ሻሲውን በጥፍሬ እንድዳስሰው ነው። በድሮ ጊዜ የዚንክ ቅልቅል ብረት ውስጥ እርሳስ ከገባበት ከዓመታት በኋላ ያብጣል፣ ይሰነጠቃል፣ በመጨረሻም እንደ ደረቅ ዳቦ ይፈረፈራል። እንደዚያ ከሆነ ሞተሩን ማስተካከል ዋጋ የለውም፤ የሚታሰርበት ቦታ ልክ አይሆንም። ዳሰስኩት፣ ስንጥቅ የለውም።

ሞተሩ ኤክስ 04 ይባላል። ትራይ አንግ በአብዛኞቹ ሎኮሞቲቮቹ ውስጥ ለብዙ ዓመታት የተጠቀመበት፣ በ12 ቮልት ቀጥተኛ ኤሌክትሪክ የሚሠራ ሞተር ነው። ሽፋን የለውም፤ ሆድ ዕቃው ሁሉ በግልጽ ይታያል። ለመማር ከዚህ የተሻለ የለም ብዬ በእርግጠኝነት መናገር እችላለሁ። ዛሬ የሚሠሩት ትንንሽ ሞተሮች በቆርቆሮ የታሸጉ ስለሆኑ ሲበላሹ ይጣላሉ እንጂ አይከፈቱም።

አሠራሩን ባጭሩ ላስረዳ። በመሀል የሚዞረው ክፍል በሦስት አቅጣጫ የመዳብ ሽቦ የተጠቀለለበት ብረት ነው። በዘንጉ ላይ በሦስት የተከፈለ የመዳብ ቀለበት አለ፤ ኮሌክተር ይባላል። በኮሌክተሩ ግራና ቀኝ ሁለት ትንንሽ ካርቦኖች ተደግፈው ኤሌክትሪክ ያስገቡለታል። ማግኔቱ በሁለት የብረት ጉንጮች መካከል ተጣብቆ ይቀመጣል፤ የሚዞረው ክፍል ደግሞ በእነዚያው ጉንጮች መሀል ይሽከረከራል። ኮሌክተሩ በዞረ ቁጥር ኤሌክትሪኩ ከአንዱ ጥቅል ወደ ሌላው እየተቀያየረ ስለሚገባ መሽከርከሩ አይቆምም። በዘንጉ ጫፍ እንደ ብሎን የተጠመዘዘ ጥርስ አለ። ይህ ጠመዝማዛ ጥርስ ከአንዱ አክስል ላይ ካለው ጥርሳም ጎማ ጋር ይያያዝና የሞተሩን ፍጥነት ቀንሶ ጉልበት ይሰጠዋል።

ጋሼ ይህን ሲሰሙ «አንቺ ልጅ፣ ይሄ እኮ የእኛው ባቡር ነው» አሉኝ። ከፈረንሳይ የመጡት የድሬዳዋ ዲዝል ኤሌክትሪክ ሎኮሞቲቮች ጎማቸውን የሚያዞረው ኤሌክትሪክ ሞተር ነበር፤ እሱም ካርቦንና ኮሌክተር አለው። ልዩነቱ የእነሱን ካርቦን ለመቀየር ጉድጓድ ውስጥ ወርዶ በጀርባ መተኛት ያስፈልግ ነበር። እኔ በወረንጦ ነው የያዝኩት።

የተቃጠለ ነው ወይስ አይደለም?

ጠጋኙ ተቃጥሏል ብሏል። ጋሼ ግን «ተቃጠለ የሚለው ቃል ሳይለካ አይነገርም» ብለው ቴስተር አስመጡ። ይህን ነገር ለእኛ ሙያም ወስጄዋለሁ፤ ለጊዜው ግን ወደ ሞተሩ።

የሚለካው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ በኮሌክተሩ ሦስት ቁራጮች መካከል ያለው የመቋቋም መጠን ነው። አንደኛውን ከሁለተኛው፣ ሁለተኛውን ከሦስተኛው፣ ሦስተኛውን ከአንደኛው ጋር እየለኩ ማወዳደር ነው። ሦስቱም ተቀራራቢ ከሆኑ ጥቅሎቹ ደህና ናቸው። አንዱ ከሌሎቹ በጣም ከተለየ የተበጠሰ ወይም እርስ በርሱ የተገናኘ ሽቦ አለ ማለት ነው። ሁለተኛ፣ ከእያንዳንዱ ቁራጭ ወደ ዘንጉ መለካት ያስፈልጋል። እዚህ ላይ ምንም ማሳየት የለበትም። ካሳየ የሽቦው ልባስ ተልጦ ብረቱን ነክቷል። የእኛ ሞተር ሦስቱም እኩል፣ ወደ ዘንጉም ምንም የለም። ስለዚህ አልተቃጠለም። ስድስት ወር ቁም ሳጥን ላይ የተቀመጠው ደህና ሞተር ነበር!

ታዲያ ለምን አይዞርም? ጋሼ በዚህ ጊዜ አንድ የድሮ ብልሃት አሳዩኝ። ከሞተር ሳይክል ባትሪ የሚመጣውን 12 ቮልት በቀጥታ ሞተሩ ላይ አላደረጉትም፤ በመሀል የመኪና የፍሬቻ አምፖል፣ 21 ዋት የሆነውን፣ አስገቡበት። ኤሌክትሪኩ አምፖሉን አልፎ ነው ሞተሩ ጋ የሚደርሰው። ሞተሩ ጤነኛ ከሆነ አምፖሉ በደብዛዛው ይበራል ወይም ጨርሶ አይበራም። ኮንታክት ካለ ግን አምፖሉ ቦግ ይላል፤ እሱ ስለሚሸከመው ሽቦም ሞተርም አይቃጠልም። በ21 ዋት አምፖል ከ2 አምፔር በታች ነው የሚያልፈው። የእኛ አምፖል ቦግ አለ።

ችግሩን ለማግኘት ግማሽ ቀን ፈጀብኝ። በኤክስ 04 ሞተር ላይ ሁለቱን ካርቦኖች ወደ ኮሌክተሩ የሚገፋቸው አንድ ሞላ ነው፤ እንደ ፀጉር መያዣ ሁለት እግር አለው። አንዱ እግር የሞተሩን ብረት ይነካል፣ በዚያም በኩል ከሻሲው ኤሌክትሪክ ይቀበላል። ሁለተኛው እግር ግን ትንሽ የማያስተላልፍ ቱቦ ይለብሳል፤ ምክንያቱም በዚያ በኩል ያለው ካርቦን ከሌላኛው ሀዲድ በሽቦ የሚመጣውን ኤሌክትሪክ ነው የሚቀበለው። ቱቦው ከሌለ ሁለቱ ካርቦኖች በሞላው አማካይነት በቀጥታ ይገናኛሉ፤ ሞተሩን አልፎ የሚሄድ ኤሌክትሪክ አይኖርም ማለት ነው። የሩዝ ፍሬ የማያህል ቱቦ ነው። በፌስታሉ ውስጥ ግን የለም። መቼ እንደጠፋ ማን ያውቃል።

ከስልክ ሽቦ ላይ አንድ ትንሽ ቁራጭ ልባስ ልጬ እግሩ ላይ አለበስኩት። ስፋቱ ልክ መጣ። ካርቦኖቹ ግን አጥረው ነበር። ካርቦን በጣም ሲያጥር ሞላው በቂ ግፊት አይሰጠውም፤ ብልጭታ ይበዛል፣ ኮሌክተሩም ይጠቁራል። አዲስ ካርቦን እስኪመጣ ድረስ በነበረው ቀጠልን።

ኮሌክተሩን ማጽዳትም አለ። የጥጥ ጫፍ በአልኮል ነክሬ ጥቁሩን ጠረግኩት። በሦስቱ ቁራጮች መካከል ያለውን ጠባብ ክፍተት ደግሞ በጥርስ መጎርጎሪያ እንጨት አጸዳሁ። እዚህ ላይ ብረት መጠቀም ክልክል ነው፣ መዳቡን ይቧጭረዋል። በክፍተቱ ውስጥ የካርቦን ብናኝና ዘይት ተቀላቅለው ሲደርቁ አንዱን ቁራጭ ከሌላው ያገናኛሉ። ብዙ ሰዎች ባቡር አልሄድ ሲላቸው ዘይት ይጨምራሉ፤ ዘይቱ ኮሌክተሩ ላይ ሲደርስ በሽታውን ያባብሰዋል።

የደከመው ማግኔት

ማግኔቱን መልሰን አስገብተን ባትሪውን ስንሰጠው ሞተሩ ዞረ። እኔ በደስታ ጮህኩ። ጋሼ ግን ፊታቸውን አጨማደዱ። «ይሮጣል፣ ግን ጉልበት የለውም። ድምፁን ስሚው» አሉኝ። እውነት ነበር። ለብቻው ሲዞር እንደ ንብ ይጮሃል፤ ዘንጉን በሁለት ጣቴ ትንሽ ስይዘው ግን ቀጥ ይላል። ከአምስት ደቂቃ በኋላ እጅ የሚያቃጥል ሆነ። ቴስተሩ 0.9 አምፔር አሳየ፤ ምንም ሳይጎትት።

ይህ ለምን እንደሚሆን መረዳቱ ለእኔ ከባድ ነበር፤ ሁለት ጊዜ ነው ያስረዱኝ። ሞተር ሲዞር እግረ መንገዱን እንደ ጄኔሬተርም ይሠራል። ከባትሪው የሚመጣውን ኤሌክትሪክ ወደ ኋላ የሚገፋ ተቃራኒ ቮልቴጅ ይፈጥራል። ይህ ተቃራኒ ግፊት ነው የሚገባውን አምፔር የሚገታው። የግፊቱ መጠን ደግሞ በፍጥነቱና በማግኔቱ ኃይል ይወሰናል። ማግኔቱ ሲደክም ሞተሩ ያንኑ ግፊት ለመፍጠር ይበልጥ መሮጥ አለበት፤ ያም ሆኖ ብዙ አምፔር ይገባል። ለአንድ አምፔር የሚያወጣው ጉልበት ግን ያንሳል። የተረፈው ሙቀት ይሆናል። ስለዚህ ፈጣን፣ ትኩስና ሰነፍ የሆነ ሞተር ሲያጋጥም ሽቦውን ከመጠርጠር በፊት ማግኔቱን መጠርጠር ይገባል።

ማግኔቱን ምን አደከመው? የዚያን ዘመን የብረት ማግኔቶች ኃይላቸውን የሚጠብቁት ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው ጫፍ የሚያደርሳቸው ብረት ሲኖር ነው። በሞተሩ ውስጥ ጉንጮቹና የሚዞረው ክፍል ያንን መንገድ ይሰጡታል። ማግኔቱን ባዶውን አውጥተው ሲያስቀምጡት መንገዱ ይቋረጥና ኃይሉ ይቀንሳል፤ መልሰው ቢያስገቡትም ያጣው አይመለስም። ማውጣት ግድ ከሆነ መጀመሪያ ጫፎቹን የሚያገናኝ የብረት ቁራጭ መለጠፍ፣ ከዚያ ማንሸራተት ነው። የእኛው ስድስት ወር ሙሉ ፌስታል ውስጥ ለብቻው ተቀምጧል። ጠጋኙ ሞተሩን አላቃጠለውም፤ ማግኔቱን ግን እሱ ራሱ ሳያውቅ አዳክሞታል። ጋሼ ይህን ካወቁ በኋላ አንድም ክፉ ቃል አልተናገሩም። እኔ ግን ተናግሬያለሁ፤ እዚህ አልጽፈውም።

መፍትሔው ሁለት ነው፦ የድሮውን ማግኔት መልሶ ማስሞላት ወይም በአዲስ መቀየር። መሙያ መሣሪያ ድሬዳዋ አላገኘንም። ስለዚህ የጋሼ ልጅ ሁለት ትንንሽ የኒዮዲሚየም ማግኔትና አንድ ጥንድ ካርቦን ገዝታ በመንገደኛ ላከች። ደውለው እውነቱን የነገሯት ያን ጊዜ ነው፤ እኔ ጓዳ ሆኜ ነው የሰማሁት። ዕቃው እስኪደርስ ሦስት ሳምንት ፈጀ።

ኒዮዲሚየም በመጠኑ ትንሽ ሆኖ ኃይሉ ብዙ ነው። በጉንጮቹ መካከል የቀረውን ክፍተት በብረት ቁራጭ ሞልተን አጠበቅነው። ሁለቱ ማግኔቶች ሲደረደሩ እርስ በርሳቸው መሳሳብ አለባቸው፤ ከተገፋፉ አንዱ ተገልብጧል። ሌላው ጥንቃቄ የብረት ብናኝ ነው። ጋሼ ድሮ ብረት የሚሞርዱበት ጠረጴዛ ላይ ነበር የምንሠራው፤ አንድ ጊዜ ማግኔቱን አስቀምጬው ሳነሳው ጢም አብቅሎ ተነሳ። በማስቲካ እየለቀምኩ ነው ያጸዳሁት። ያ ብናኝ ሞተሩ ውስጥ ቢገባ ኖሮ ሽቦውን ይልጠው ነበር።

አዲሶቹን ካርቦኖች አስገብተን ስንሞክረው 0.4 አምፔር። ዘንጉን በጣቴ ይዤ ላቆመው ስሞክር ታገለኝ። አንድ ጉድለት አለው፣ አልደብቅም፦ ማግኔቱ ኃይለኛ ስለሆነ በዝግታ ሲነሳ ትንሽ ይንቀጠቀጣል። የድሮው ማግኔት ጤነኛ ቢሆን ኖሮ እኔ እሱኑ እመርጥ ነበር።

ሞተሩን መልሶ ማሰር

ብዙ ሰው ጥገናው ሞተሩ ሲዞር ያለቀ ይመስለዋል። እኔም መስሎኝ ነበር። ሞተሩን ሻሲው ላይ ማሰር ግን ሙሉ ቀን ፈጀብኝ። ለዚህ ጽሁፍ ርዕስ የሆነኝም ይኸው ነው።

ኤክስ 04 ሻሲው ላይ የሚያዘው በአንድ ብሎን ነው፤ ሌላው ጫፉ ሻሲው ላይ ባለ መደገፊያ ይቀመጣል። ብሎኑ ሲጠብቅ ወይም ሲላላ፣ ከሥሩ ስስ ነገር ሲገባ ወይም ሲወጣ፣ የዘንጉ ጠመዝማዛ ጥርስ ወደ ጥርሳሙ ጎማ ይቀርባል ወይም ይርቃል። በጣም ከቀረበ ይጨናነቃል፤ ሞተሩ ያጉረመርማል፣ አምፔር ይበላል፣ ይሞቃል። በጣም ከራቀ ጥርሶቹ በጫፋቸው ብቻ ይነካካሉ፤ ይጮሃሉ፣ በጊዜ ብዛትም ይላጫሉ።

መጀመሪያ በካቻቪቴ አጥብቄ አሰርኩት፤ ጥብቅ ሲሆን ጥሩ ነው የሚል የልጅነት እምነት ስላለኝ ይመስለኛል። ባትሪውን ስሰጠው እምም አለና ቆመ። አላላሁት፤ ሄደ፣ ግን የወፍጮ ቤት ድምፅ አወጣ። ጋሼ ዓይናቸውን ጨፍነው ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው «ራቀ» አሉ። ቀጥለው የነገሩኝ ይህን ነው፦ ከሲጋራ መጠቅለያ ስስ ወረቀት ላይ ቀጭን ቁራጭ ቁረጪ፣ በሁለቱ ጥርሶች መካከል አስገቢ፣ ሞተሩን በጣትሽ ወደ ጥርሱ ግፊው፣ እንደዚያ ይዘሽ ብሎኑን እሰሪ፣ ከዚያ ጎማውን እያዞርሽ ወረቀቱን አውጪው። ወረቀቱ የነበረበት ቦታ የሚያስፈልገው ክፍተት ይሆናል። በብሎኑ በኩል ሞተሩ ከፍ እንዲል ከጀርባው ደግሞ ሁለት ድርብ ወረቀት አስቀመጥኩ።

ይህም ሆኖ በአንድ ቦታ ብቻ መፈተሽ አይበቃም። ጥርሳሙ ጎማ አክስሉ ላይ ሲገባ ፍጹም መሀሉ ላይ ላይሆን ይችላል። ስለዚህ ጎማውን ቀስ እያሉ አንድ ሙሉ ዙር ማዞር፣ በየቦታው ዘንጉን ይዞ ጎማውን ወዲያና ወዲህ ማነቃነቅ ያስፈልጋል። በሁሉም ቦታ ጥቂት ልቅነት ሊኖር ይገባል። የእኛው በአንድ ቦታ ይይዝ ነበር፤ ከሁለቱ ድርብ ወረቀት ላይ ሌላ አንድ ስስ ወረቀት ስጨምር ለቀቀ። መጀመሪያ ሌላ ነገር ጠርጥሬ ጎማዎቹን ከአክስሉ ላይ ላወጣቸው ፈልጌ ነበር። ጋሼ እጄን ያዙኝ። በዚህ ዓይነት ሎኮሞቲቭ በግራና በቀኝ ያሉት ጎማዎች አገናኝ ዘንጋቸው በሩብ ዙር ተለያይቶ ነው የሚተከሉት። አውጥቶ በዓይን ግምት መመለስ ማለት ሦስቱ አክስሎች እርስ በርሳቸው እንዲጣሉ ማድረግ ነው።

ከዚያ ዘይት። በመርፌ ጫፍ የምትንጠለጠል አንዲት ጠብታ በሁለቱም የዘንግ መቀመጫዎች ላይ፣ አንዲት በእያንዳንዱ አክስል ላይ፣ ጥርሱ ላይ ደግሞ በክብሪት እንጨት ጫፍ ትንሽ ግሪስ። ከሻሲው ሥር ያሉትን፣ ጎማውን እየነኩ ኤሌክትሪክ የሚለቅሙትን ስስ የነሐስ ምላሶች አጸዳሁና ከካርቦኑ መያዣ ጋር የሚያገናኛቸውን ሽቦ እንደገና በየድኩት። ሽቦው ሻሲውን እንዳይነካ በጎን አሳለፍኩት። አምፖሉ እንደገና በመሀል ገባ። አልበራም።

ሀዲዱ ላይ

ልጃቸው ከማግኔቱ ጋር አራት ቀጥ ያሉ ሀዲዶች ልካለች። ግቢው ውስጥ፣ ጠረጴዛ ላይ አያያዝናቸው። የፕላስቲኩን አካል ሳንመልስ፣ ሞተሩ እንደተጋለጠ ሎኮሞቲቯን አስቀመጥናት። ባትሪውን ስሰጣት ሄደች። ግን ወደ ኋላ ሄደች!

በሞዴል ባቡር ዓለም የተለመደ ደንብ አለ፦ ከባቡሩ ፊት አኳያ በቀኝ በኩል ያለው ሀዲድ ፖዘቲቭ ሲሆን ባቡሩ ወደ ፊት ይሄዳል። የእኛዋ ተቃራኒውን አደረገች። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ አዲሶቹን ማግኔቶች ስናስገባ ሰሜንና ደቡባቸው ከድሮው ተገልብጧል። ለአንድ ባቡር ጉዳት የለውም፣ ሽቦውን መቀያየር ይበቃል። በአንድ ሀዲድ ላይ ሁለት ባቡር ሲኖር ግን ይጋጫሉ። እኔ «ይበቃል ጋሼ፣ ሌላ ባቡር የለንም» አልኳቸው። እሳቸው ግን «አንድ ቀን ይኖረናል» ብለው አስፈቱኝ። ማግኔቶቹን ገልብጬ፣ ሞተሩን መልሼ አስሬ፣ በሲጋራ ወረቀት ክፍተቱን እንደገና ለክቼ እስክጨርስ መሸ። ሁለተኛው ግን ከመጀመሪያው በጣም ፈጠነልኝ፤ ሀያ ደቂቃ አልፈጀብኝም።

በማግስቱ ጠዋት ሻሲዋን ገልብጠን ጎማዋ አየር ላይ እንዲዞር አድርገን በግማሽ ቮልት ግማሽ ሰዓት ወደ ፊት፣ ግማሽ ሰዓት ወደ ኋላ አስኬድናት። አዲስ ካርቦን ጫፉ ቀጥ ያለ ስለሆነ ኮሌክተሩን በደንብ የሚያቅፈው በዚህ ዓይነት ከተላመደ በኋላ ነው። ከዚያ የወጣውን ብናኝ በጥጥ ጠርጌ እንደገና ለካሁ። በጎማና በጥርስ ተጭኖ 0.45 አምፔር፤ ሞተሩ ለብ ይላል እንጂ አያቃጥልም። አካሉን መልሰን አሰርንና ሀዲዱ ላይ አወጣናት።

ጋሼ በአንደኛው ጫፍ ተቀመጡ። እኔ በሌላኛው ጫፍ ሆኜ ባትሪውን ያዝኩ። ስለማያዩአት በድምፅ ነው የተከታተሏት፤ ስትቀርብ መዳፋቸውን ዘርግተው ያዟትና «መልሻት» ይሉኛል፣ እኔም ሽቦውን አቀያይሬ እመልሳታለሁ። ስንት ጊዜ እንደተመላለሰች አልቆጠርኩም። ማታ ልጃቸው ስትደውል ስልኩን ሀዲዱ አጠገብ አስቀምጠው አሰሟት። ከዚያ ክብ ሀዲድ እንድትልክ፣ ከቻለችም ሁለት የጭነት ፉርጎ እንድትጨምርበት ነገሯት።